ባሮ ዳር ላለችው ልጄ

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ? የአክስትሽ ልጅ ፎቶሽን አሳየኝ፤ ባሮ ውስጥ እስከ ጉልበትሽ ገብተሽ ትስቂያለሽ። ሳቅሽ ደስ አለኝ፣ የቆምሽበት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንዙ ውስጥ አትግቢ።

«የሰፈሩ ልጆች ይዋኙ የለም ወይ?» ማለትሽ አይቀርም። ይዋኛሉ። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛን አዞ የወሰደውም እዚያው ጋምቤላ ከጓደኞቹ ጋር ሲዋኝ ነው። አዞ አድፍጦ ነው የሚያድነው፤ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ያወጣል፣ ሲቀርብ ጨርሶ ይጠልቃል። ሰው በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ ሲመላለስ ያጠናል። ቧንቧ ጠፍቶ መቅዳት ግድ ከሆነብሽ የአኝዋና የኑዌር እናቶች የት እንደሚቀዱ ጠይቂ፣ በቀን አብረሻቸው ሂጂ፣ ባልዲውን ከዳገቱ ላይ በገመድ ጣይ። ጎንበስ ብለሽ አትቅጂ። ሲመሽ ጨርሶ አትሂጂ።

አዞ ባይኖር ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። የገላ ውሃሽን ሁለት ቀን አስቀምጪው፤ ትሉ ሰው ካላገኘ ይሞታል። የሚጠጣውን አጥልዪና አፍይው። የደፈረሰ ውሃ ላይ ክሎሪን ብቻ ብትጨምሪ ጭቃው ኃይሉን ይበላዋል።

ወንዙን መውደድሽ ይገባኛል። ከጎሬ ደን ከ2000 ሜትር ከፍታ ወደ 500 ሜትር ገደማ ተወርዶ፣ ሙቀቱ ፊት ሲመታ ያን ሰፊ ውሃ አይቶ የማይደነቅ የለም። መርከብ የሄደበት ወንዝ ነው እኮ! አጼ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ፤ ከዚያ በኋላ የደጋው ቡና በበቅሎና በሸክም እየወረደ፣ በእንፋሎት መርከብ በባሮ፣ በሶባት፣ በነጭ ዓባይ ካርቱም ይደርስ ነበር። በክረምት ብቻ ነው ታዲያ፤ በበጋ ውሃው ይጎድላል። ያ መስመር መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በበጋ የሚወጣው አሸዋ ላይም አትቀመጪ፤ አዞ ፀሐይ የሚሞቀው እዚያ ነው።

አጎበሩን ከፍራሹ ስር አጣጥፈሽ አስገቢ፣ አጥበሽ ጥላ ላይ አስጪ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ይገድለዋል። ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ደምሽን ተመርመሪ። የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ካዘዙልሽ 4 ፍሬ ወዲያው፣ 4 ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ አራት አራት ለሁለት ቀን፤ ድምሩ 24። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ዋጪው፣ ያለዚያ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ብዙ ሰው በሁለተኛው ቀን ሲሻለው ያቋርጣል፣ ወባውም ይመለሳል። አንቺ ጨርሺ፣ የኔ ዓለም።

ሁለት ጀሪካን፣ አዲስ አጎበርና 15 ሜትር ገመድ በአውቶቡስ ልኬያለሁ። ወንዙ ውስጥ አትግቢ ብያለሁ። ገመዱንም እጅሽ ላይ አትጠምጥሚው፤ ባልዲውን አንድ ነገር ቢጎትተው ወዲያው ልቀቂው። ዕቃው ሲደርስሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ