መልስ ሳይሰጠው ስለቆየው ጥያቄህ

ውድ ወዳጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ለመጨረሻው ደብዳቤህ መልስ ሳልሰጥ አራት ዓመት አለፈ፤ የማቀርበው ምክንያት ስለሌለኝ ይቅርታህን ብቻ እለምናለሁ። «ብረት ከሆነ እንደ ብርጭቆ የሚሰበረው ስለ ምንድን ነው?» ስትል ስለ መስታወታማ ብረት፣ ማለትም አቶሞቹ እንደ ብርጭቆ ያለ ሥርዓት ስለተቀመጡበት የብረታ ብረት ቅይጥ፣ ጠይቀኸኝ ነበር። ያኔ ጀምሬ የተውሁት መልስ «የአቶሞቹ አደራደር ሥርዓት ስለሌለው ነው» የሚል ነበር፤ እንኳንም አልላክሁት።

ባለፈው ወር ብረት፣ ሲሊከንና ቦሮን የተቀየጡበት፣ ከወረቀት እምብዛም የማይወፍር ጥብጣብ እጄ ገባ። ቅይጡ ቀልጦ በፍጥነት በሚሽከረከር የመዳብ ጎማ ላይ ሲፈስ አቶሞቹ ለመደርደር ጊዜ ሳያገኙ የረጋ ነው። ጫፍና ጫፉን አገናኝቼ በጥፍሬ ስጫነው ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ከዚያው ጥብጣብ የቆረጥሁትን ሌላ ቁራጭ ግን ክሪስታል መሆን (አቶሞቹ በሥርዓት መደርደር) ከሚጀምርበት በታች በሆነ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ካቆየሁት በኋላ ገና ጎበጥ ሳደርገው ቀጭ አለ። ቅይጡ አንድ ነው፤ ሁለቱም ሥርዓት የለሽ ናቸው፤ ስለዚህ የቀድሞው መልሴ ውድቅ ሆነ።

በተለመደው ብረት ውስጥ የአቶም ንጣፎች ዲስሎኬሽን በሚባሉት የአደራደር ግድፈቶች አማካይነት ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታሉ። ተመራማሪው ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ የወርቅና የሲሊከን ቅልጥን በሴኮንድ ሚሊዮን ዲግሪ በሚደርስ ፍጥነት አቀዝቅዘው በ1960 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት በዚህ ዓይነት ቁስ ውስጥ ግን የሚንሸራተት ንጣፍ የለም። ኃይል ሲበረታበት በአሥር የሚቆጠሩ አቶሞች በኅብረት ቦታ ይቀያየራሉ፤ ያ ሥፍራ ይለሰልሳል፤ ጎረቤቱን ይስባል፤ መንሸራተቱም ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር በሚሆን ሰንበር ላይ ይከማቻል። ሰንበሮች ከበዙ ቁሱ ይተጣጠፋል፤ አንዱ ብቻውን ከገሰገሰ ወደ ስንጥቅ ይለወጣል።

ሰንበሩ ስንጥቅ ይሁን አይሁን በመወሰን ረገድ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለአቶሞቹ ትስስር ነው። ኤሌክትሮኖች ለአቶሞቹ ሁሉ የጋራ በሆኑበት ትስስር አንድ አቶም ጎረቤት ቢቀይር ብዙ አይጎዳም፤ ቦሮንና ካርቦን ሲገቡ ግን ትስስሩ የኮቫለንት (ኤሌክትሮኖችን ሁለት አቶሞች ብቻ የሚጋሩበት) ጠባይ ስለሚይዝ አቅጣጫ ይመርጣል፤ አቅጣጫውን ካጣም ይበጠሳል። ይህ ልዩነት በፖይሰን ምጣኔ፣ ማለትም ቁሱ ሲሳብ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚቀጥን በሚናገረው ቁጥር፣ ይገለጣል። ተመራማሪዎቹ ሌዋንዶስኪ፣ ዋንግና ግሪር በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ምጣኔው ከ0.31 እስከ 0.32 ካለው ወሰን በታች የወረዱት ተሰባሪ ናቸው። ምጣኔው 0.42 የሆነ የፕላቲኒየም ቅይጥ ደግሞ ተጨምቆ 20 በመቶ ያህል ቅርጹን ለውጦም አልተሰበረም። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንደ ሕግ የሚያነቡትን አልከተልም፤ ቀጭን ጥብጣብ ሆኖ የሚታጠፍ ቅይጥ ወፍራም ዘንግ ሲሆን የሚሰበርበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ምድጃው የሠራው ሥራም የሚገባኝ በዚሁ መንገድ ነው። በፍጥነት የረጋ ቁስ በአቶሞቹ መካከል ላላ ያሉ ኪሶችን ይዞ ይቀራል፤ መንሸራተትም የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ሙቀት ሲያገኝ አቶሞቹ ይጠጋጋሉ፤ ለምሳሌ በመዳብና ዚርኮኒየም ቅይጥ ውስጥ አንድ የመዳብ አቶም በ12 ጎረቤቶች ጥብቅ ተደርጎ የሚከበብባቸው ስብስቦች ይበዛሉ። ኪሶቹ ሲጠፉ የሰንበሮች መነሻ ያንሳል፤ ጥቂቶቹም ሸክሙን ሁሉ ይሸከማሉ።

ሁለቱንም ቁራጮች ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሽጌልሃለሁ። የታጠፈውን በማጉያ መነጽር ብታየው ከእጥፋቱ ውጭ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ትይዩ መስመሮች ታገኛለህ፤ ሰንበሮቹ በገጹ ላይ የተዉት ምልክት እነርሱ ናቸው። ሌላው በመንገድ ላይ ተሰባብሮ ከደረሰህ ፖስታውን ስታራግፍ ለጣቶችህ ተጠንቀቅ፤ ስብራቱ ስለት አለው።

አክባሪ ወዳጅህ