ሐይቁን ከመሳልህ በፊት

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። አባትህም ጉንፋኑ ለቆታል። በቴሌግራም የላክህልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ።

ለሥዕል ትምህርት ቤት መመረቂያ ሥራህ «ማንነት» የሚል ርዕስ ይዘህ ሐሳብ አልመጣ ብሎህ ተጨንቀሃል። የሐይቁን፣ የአባ ኮዳውንና የጀልባዎቹን ፎቶ ላኪልኝ ብለሃል። እልክልሃለሁ። ግን መጀመሪያ ስማኝ።

እንደዛ ያለ ሥዕል ሐዋሳ ውስጥ በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ አለ። ጀልባ፣ ጀምበር፣ ወፍ፣ ሰማያዊ ውሃ። የኛ ሐይቅ ግን ሁልጊዜ ሰማያዊ አይደለም። ይሄን አንተ ታውቃለህ። ከአባትህ ጋር በጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዙ ስትሄዱ ውሃው አመድማ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ይደፈርሳል። ትንሽ ልጅ ሆነህ ሐይቁን በአረንጓዴ ቀብተህ «ውሃ ሰማያዊ ነው» ተብለህ ታርመህ መጥተህ ነበር። ትክክል የነበርከው አንተ ነህ። አሁንም ያንን ዓይንህን እመነው።

«በአባቴ ሲዳማ፣ በአንቺ ወሎዬ፣ አፌን የፈታሁት በአማርኛ፤ የቱን ልሳል?» ያልከው ሆዴን በላው። አባቴ፣ አንዱን ምረጥ ያለህ ማነው? በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በጨምበላላ፣ ከአያትህ ጋር የእንሰቱን ምግብ ቡርሳሜ በቅቤ ስትበላ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር «አይዴ ጨምበላላ» እያልክ በየቤቱ ስትዞር ያደግክ ልጅ ነህ። በጥምቀት ደግሞ ነጠላዬን ይዘህ ታቦት ሸኝተሃል። ሁለቱም ያንተ ነው። ሥዕሉ ላይ እኩል አካፍለህ ማሳየትም ግዴታ የለብህም። ሳትዋሽ ከሠራህ የሆንከው ነገር በራሱ ይወጣል።

ስድስት ኪሎ ያለው ሙዚየም ወስደኸኝ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች ያሳየኸኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ሐረር እንደተወለደ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደነበሩ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አንተ በምትማርበት ትምህርት ቤት እንዳስተማረ የነገርከኝ አንተው ነህ። ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ አልከኝ። እኔ ስለ ረቂቅ ሥዕል የተማርኩት የለም። ግን ከእነዚያ ሥዕሎች ፊት ቆሜ «ይሄ ሰው የኛ አይደለም» የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም። ጀልባም፣ ሞሰብም፣ ጀበናም መሳል አላስፈለገውም።

አንተ ጋ ያለውን ልንገርህ። ሲዳማ ደጋው ላይ፣ ሁላ ያለው የአያትህ ቤት ትዝ ይልሃል? ሙሉው በቀርከሃ የተሠራው። ክረምት ላይ ስንሄድ ሌሎቹ ልጆች እንሰቱ መሃል ሲሯሯጡ አንተ ውስጥ ቁጭ ብለህ ግድግዳውን ታይ ነበር። ከውጭ ቀርከሃው ዝናብና ፀሐይ መትቶት ግራጫ ሆኗል። በሩ አጠገብ ከውስጥ ገና ገለባ ይመስላል። ወደ ምድጃው ስትጠጋ ማር፣ ቀጥሎ ቡኒ፣ ከዚያ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ ደግሞ ዝም ብሎ ጥቁር አይደለም፤ የስንት ዓመት ጭስ ጠጥቶ ቀለም የተቀባ ያህል ያብረቀርቃል። ጣትህን እላዩ ላይ አንሸራትተህ «እማዬ፣ ለስላሳ ነው» ያልከኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያኔ ማንም ሳል አላለህም። የማንነት ነገርም አልተነሳም።

በቀርከሃ ስንጥቅ ላይ ይስላል ያልከኝ ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታስ? እሱን ቅዳ ማለቴ አይደለም። ቀርከሃ ሸራ መሆን እንደሚችል ካንተ በፊት ታይቷል ለማለት ነው። አንተ ደግሞ ቀርከሃ ላይ ጭስ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ። ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በዓሉ ላይ ሰው በቀርከሃና በእርጥብ ቅጠል በተሠራ በር ሥር ያልፋል። ያንን በር አንተ ከሥሩ አልፈህ ታውቀዋለህ። ቱሪስት ፎቶ አንስቶት ይሄዳል፤ የቅጠሉ እርጥበት አንገቱ ላይ የቀረበት ግን አንተ ነህ።

ሐሳብ እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። እኔ ዩኒፎርም ስሰፋ ክሩን መደብር ውስጥ አምፖል ሥር አልመርጥም። ጨርቁን ይዤ በር ላይ እወጣለሁ። ውስጥ አንድ የመሰሉ ሁለት ቡኒዎች ብርሃን ላይ ይለያያሉ። አንተም እንደዛው አድርግ። ያሰብከውን ቶሎ ወረቀት ላይ አውጣው፣ ቢበላሽም ይበላሽ፤ ልዩነቱ የሚታየው ያኔ ነው። ሌሊት አልጋ ላይ ተኝተህ «እኔ ማነኝ» እያልክ ስትገላበጥ ብታድር ግን ራስ ምታት ነው የምታተርፈው።

ደግሞ ምግብ አትዝለል። ድምፅህ ከስቷል። የቀለም ዋጋ እንደጨመረ አውቃለሁ፤ ሲያልቅብህ ሳታፍር ንገረኝ፣ ከዕቁቡ አወጣለሁ።

አባትህ እሁድ እሁድ ቤት ነው። ደውልለትና ቀርከሃ መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ጠይቀው። ከአያትህ ጋር ሲሠራ ነው ያደገው። እሱ ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ከጀመረ ደግሞ አያቆምም። በጨምበላላ ሁላ ስንሄድ ና፤ የቆየውን የጓሮ ግድግዳ ሊያፈርሱት ነው አሉ። እስክትደርስ እንዳይነኩት ነግሬያቸዋለሁ። የጠቆረውን ለይተህ ትወስዳለህ፤ በአይሱዙ የሚጭንልህ ሰው አባትህ ያፈላልጋል።

የሐይቁን ፎቶ ነገ ጠዋት አንስቼ እልክልሃለሁ።

እናትህ
ከሐዋሳ