ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ሮቢንሰንና ስለ አሊ

አሰላሙ አለይኩም አባባ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ሂርማታ ቡና ላይ «ከቦክሰኞች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» ተብሎ የተነሳው ክርክር እስካሁን አለመብረዱን ሰማሁ። እርስዎ አሊ፣ ጎረቤትዎ ታይሰን፣ ወጣቶቹ ደግሞ ሜይዌዘር። በዚህ አያያዝ ክረምቱ ቢወጣም አትስማሙም፤ እያንዳንዳችሁ የምትመዝኑት ሌላ ነገር ነውና። ጥያቄው «ማን ማንን ይጥላል?» ከሆነ ከባድ ሚዛን ያልሆነ ሁሉ ከወዲሁ ወጣ፤ 70 ኪሎ ሰው ጆርጅ ፎርማን ፊት አይቆምም። «ክብደት ባይለያቸው ማን ይበልጣል?» ከሆነ ግን፣ ይቅር ይበሉኝና፣ መልሴ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ነው። አሊ ራሱ እንደ አርአያው የሚያየው እሱን ነበር።

ታይሰንን ቶሎ እንለፈው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት)። በ1986 በ20 ዓመቱ ሻምፒዮን መሆኑ ድንቅ ነው። በ1990 ግን ቶኪዮ ላይ በስተር ዳግላስ ሳይፈራው ቆሞ፣ በረጅም ግራ እጁ እያራቀ፣ በ10ኛው ዙር ዘረረው። ሆሊፊልድም ሁለት ጊዜ ረቶታል። የሜይዌዘር 50 ለ 0 (50 ድል፣ ዜሮ ሽንፈት) ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ተጋጣሚውንና ጊዜውን መርጦ ለሚገጥም ሰው ዜሮን መጠበቅ ይቀላል። የሻምፒዮንነት ቀበቶ መቁጠርም እንዲሁ ነው፦ በሮቢንሰን ዘመን ዋናዎቹ የክብደት ምድቦች 8 ነበሩ፤ ዛሬ 17 ደርሰዋል፣ ቀበቶ የሚሰጡት ትልልቅ ድርጅቶችም አራት ናቸው።

ሮቢንሰን ከ1940 እስከ 1965 ወደ 200 ጊዜ ገጥሞ ከ170 በላይ አሸንፏል፣ ከመቶ በላዩን በዝረራ። መጀመሪያ የተሸነፈው በ1943፣ በ7 ኪሎ ገደማ በሚበልጠው በጄክ ላሞታ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሶ ረታው፤ ከዚያ ራንዲ ተርፒን በጁላይ 1951 ለንደን ላይ እስኪያሸንፈው ድረስ የቻለው አልተገኘም። «19 ሽንፈት አለበት» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ግማሽ ያህሉ 40 ዓመት ካለፈው በኋላ የመጣ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ በሜይ 1957 ቺካጎ ላይ ጂን ፉልመርን የዘረረበት 5ኛ ዙር ነው። ቀኝ እጁን ወደ ተጋጣሚው ጎን ሰደደ፤ ፉልመር ሆዱን ሊከላከል ክንዱን ዝቅ አደረገ፤ አገጩ ሲጋለጥ ግራ ሁክ (ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ) ገባ። እዚህ ላይ እጁን ትተው እግሩን ይዩልኝ። የቡጢ ኃይል ከእግር ተነስቶ በዳሌ ዞሮ ነው የሚመጣ፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ይህን ኃይል አያገኝም። ሮቢንሰን ግን የመታው እያፈገፈገ ነው። ፉልመር ከዚያ በፊት በዝረራ ተሸንፎ አያውቅም።

አሊ የተጋጣሚውን ሆድ እምብዛም አይመታም። እጆቹን ዝቅ አድርጎ፣ ቡጢ ሲመጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይለጠጣል። እግሩ ፈጣን እያለ ያዋጣዋል፤ ግራ ሁክ ግን ያገኘዋል። በ1963 ሄንሪ ኩፐር፣ በ1971 በ15ኛው ዙር ፍሬዚየር የጣሉት በዚሁ ነው።

ለእርስዎ ወገን የሚሆንም አለ፣ አልደብቅም። ሊስተንን፣ ፍሬዚየርን፣ ኖርተንን፣ ፎርማንን የመሰለ ተጋጣሚ ሁሉ ለአንድ ሰው ሲደርሰው አይቼ አላውቅም፤ ከ1967 እስከ 1970 ደግሞ ምርጥ ዕድሜውን ከመድረክ ታግዶ ነው ያሳለፈው። የሮቢንሰን የወጣትነት ግጥሚያዎች በፊልም የቀሩት ጥቂት ስለሆኑ ውዳሴው ግማሹ የዓይን ምስክር ነው። በ1952ም ለሦስተኛ የክብደት ምድብ ቀበቶ ጆይ ማክሲምን ሲገጥም፣ በነጥብ እየመራ፣ ሙቀቱ ጥሎት 14ኛውን ዙር መጀመር አቃተው። ዳኛውም ቢሆን ሙቀቱን አልቻለምና በመሀል ተቀይሯል።

ለማንኛውም የ1951ዱን የሮቢንሰንና የላሞታን ግጥሚያ እና የ1966ቱን የአሊና የክሊቭላንድ ዊልያምስን በፍላሽ ልኬልዎታለሁ። ድምፁን ያጥፉት፤ ተንታኙ ሳያውቁት ወደ አንዱ እንዲያዳሉ ያደርግዎታል። ዙሩ 3 ደቂቃ ነው፤ ደወሉ እንደተመታ፣ ቀጣዩ ሳይጀምር ነጥቡን ይጻፉ፦ ለበለጠው 10፣ ለሌላው 9፣ አንዴ ለወደቀ 8። ብዙ የሰነዘረውን ሳይሆን በትክክል ያሳረፈውን ይቁጠሩ፤ በጓንትና በክንድ ላይ ያረፈ አይቆጠርም። የላሞታ ግጥሚያ በ13ኛው ዙር ስለሚቋረጥ 12 ዙር ብቻ ነው የሚሞሉት። ጎረቤትዎም ለብቻው ይሙላ፣ ወረቀታችሁን ሳትተያዩ።

ሁለቱንም ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ