«ውጤታቸው ጥሩ ስለሆነ ደህና ናቸው» ላላችሁት

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፤

ልዩ ተሰጥኦ ስላላቸው ተማሪዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበን «ውጤታቸው ከፍተኛ ስለሆነ የአማካሪ ድጋፍ ብዙም አያሻቸውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ማለፍ አቃተን። ለዚህ ማስረጃ ያደረጋችሁት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርማን ልዩ ተሰጥኦ ባላቸው ልጆች ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ የጀመረውን ጥናት ነው። ጥናቱ ከ1,500 በላይ ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከታትሎ በአማካይ ከእኩዮቻቸው የባሰ ችግር እንደሌለባቸው አሳይቷል፤ እስከዚህ ልክ ናችሁ። ልጆቹ እንዴት እንደተመረጡ ግን አልጻፋችሁም። አብዛኞቹን ለመምረጫው የአእምሮ ችሎታ (አይኪው) ፈተና የጠቆሙት መምህሮቻቸው ናቸው። መምህር ደግሞ ቶሎ ዓይኑ የሚገባው እጁን የሚያወጣውና ደብተሩ የተሟላው ልጅ ነው። ተፈትነው ሳይመረጡ የቀሩት ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ እንኳ በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። ችሎታውን የደበቀ፣ ማንበብ እየቸገረው በሒሳብ ክፍሉን የሚመራ ልጅማ ማን ይጠቁመዋል? ያልተቆጠረ ልጅ ደህና መሆኑን ከየት አወቃችሁ?

እኛ አማካሪዎች ጋ የሚመጣው ይኸው ልጅ ነው። የ40 ደቂቃውን ሥራ በ10 ደቂቃ ሲጨርስ ሌላ 20 ተመሳሳይ ጥያቄ ይጨመርለታል። ቶሎ መጨረስ እንደሚያስቀጣ ይገባውና ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ይንቀራፈፋል። ሌላዋ አንዷን መልስ ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ስታጠፋ ትቆይና ሳታስረክብ ትቀራለች፤ «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣላታል። ለዓመታት ምንም ያልከበደው ልጅ ደግሞ የመጀመሪያዋን 60 ሲያይ ይደነግጣል፤ ማጥናት አስፈልጎት ስለማያውቅ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ምዕራፉ ሳይጀመር የማጠቃለያውን ፈተና ስጡት፤ ከ100 ውስጥ 85 ካመጣ የሚያውቀውን ዝለሉለት። በተረፈው ጊዜ የሚያታግለው ሥራ ይሰጠው፤ ይህ በመደበኛው ሥራ ምትክ ይሁን እንጂ በላዩ ላይ አይደረብ። ማርክም አይያዝበት፣ ያለዚያ የማይሳሳትበትን ብቻ እየመረጠ ይሠራል። በሳምንት 15 ደቂቃ የሚያነጋግረው አንድ አዋቂ ሰው ይመደብለት፤ «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ትቶ «የቱ ጋ ተቸገርክ?» ይበለው። ክፍል ማዘለል ከታሰበ ልጁ ራሱ ይፈልገው፤ የሙከራ ጊዜ ይኑረው፤ ቢመለስ እንደ ውድቀት እንደማይቆጠርበትም አስቀድሞ ይነገረው።

በዘገባችሁ ርዕሰ መምህርና ኃላፊዎች ተናግረዋል። አማካሪም ተማሪም አልተጠየቀም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን፤ በሚቀጥለው ዘገባችሁም መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ።

የትምህርት ቤት አማካሪዎች