ስለ ሁለቱ ብናኞች

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በሙከራችን ጋዝ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ሥር ስለሚንሳፈፉት ሁለት ብናኞች «ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ ይገፋፋሉ እንጂ እንዴት ይሳሳባሉ?» ያሉኝ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ጥያቄዎ ትክክል ነው። በባዶ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ መገፋፋት ብቻ ነበር።

አየሩ በፓምፕ ከወጣለት ዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ትንሽ አርጎን ጋዝ ይለቀቃል፤ ግፊቱ 10 ፓስካል ገደማ፣ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር 10 ሺህ ጊዜ ያነሰ። የታችኛው የብረት ሰሌዳ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚዋዥቅ ጥቂት ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል ሲሰጠው ጋዙ ያበራል፤ ፕላዝማ ሆነ፣ ማለትም ከአተሞቹ ከፊሎቹ ወደ ኔጋቲቭ ኤሌክትሮንና ወደ ፖዘቲቭ አዮን ተለያዩ ማለት ነው። ብናኙ ከላይ የሚነሰነሰው ከዚያ በኋላ ነው። ፕላዝማው ሳይበራ ከተነሰነሰ ሰሌዳው ላይ ወድቆ ይቀራል። እያንዳንዱ ብናኝ 7 ማይክሮን የሆነ የፕላስቲክ ድብልብል ነው፤ የጠጉር ውፍረት አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ነው።

ኤሌክትሮን ከአርጎን አዮን ከ70 ሺህ ጊዜ በላይ ስለሚቀል ቀድሞ ብናኙ ላይ ይደርሳል። 10 ሺህ ያህል ሲጠራቀምበት ብናኙ ተከታዮቹን መግፋት ይጀምራል፤ ቻርጁም እዚያ ላይ ይረጋል። ሰሌዳውም ኔጋቲቭ ነውና ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ሁለቱ ሲተካከሉ ይንሳፈፋል።

አሁን ወደ መሳሳቡ። አዮኖቹ ወደ ሰሌዳው እየተጣደፉ ይወርዳሉ። በላይኛው ብናኝ ጎን ሲያልፉ ይስባቸውና መንገዳቸው ይጎብጣል፤ ልክ ከሥሩ ይሰበሰባሉ። ታችኛው ብናኝ የሚሳበው ወደዚህ የፖዘቲቭ ክምችት ነው እንጂ ወደ ላይኛው ብናኝ አይደለም። አንዱ ከአንዱ ሥር ቀጥ ብለው የሚሰለፉትም ለዚህ ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ላይኛውን በሌዘር ጨረር ገፋ ስናደርገው ታችኛው ይከተለዋል። ታችኛውን ስንገፋው ላይኛው ከቦታው አይነቃነቅም። ወንዝ መሐል ያለ ድንጋይ የሚያውከው ከበታቹ ያለውን ውሃ እንደሆነው ማለት ነው። የገፋ በዚያው ልክ ይገፋል የሚለው የኒውተን ሦስተኛ ሕግ አልተሻረም፤ ልዩነቱን ይዘው የሚሄዱት የሚፈስሱት አዮኖች ናቸው።

ጎን ለጎን ያሉት ግን መገፋፋቱ ስለሚያይልባቸው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተራርቀው፣ እያንዳንዱ በስድስት ጎረቤት ተከቦ ይደረደራል። ክሪስታል የሚባለው ይህ ድርድር በ1994 እ.ኤ.አ. በጀርመን፣ በታይዋንና በጃፓን ታየ። ግፊቱ አለቅጥ ከቀነሰ የጋዙ ሰበቃ ይዳከምና ብናኞቹ እየተንቀጠቀጡ ክሪስታሉ ይቀልጣል። እርጥበት የነካቸው ብናኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣበቃሉ፤ እነዚህ ጥንዶች ከባድ ስለሆኑ ከሌሎቹ ዝቅ ብለው ይንሳፈፋሉ። ከሁሉም የሚያታልለው አየር የሚያስገባ የብረት ዕቃው ማሸጊያ ነው፦ ኦክስጅኑ ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ብናኙም እየቀለለ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ብናኙ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ማሸጊያው ነው።

ቪዲዮውን በእህቴ ስልክ ልኬዋለሁ፤ አጉልታ ታሳይዎት። አረንጓዴዎቹ ነጥቦች ብናኞቹ ናቸው። ዓይንዎን ታችኛው ላይ ያድርጉ።

ልጅዎ