አዲስ ቦይለር የመብራት ሂሳብ ይቀንሳል ወይ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ጥቅምት ገባ፤ ውርጩም ጀመረ። በዚህ ሰሞን የሚደውልልን ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው። «አሮጌውን ቦይለር አውጥቼ አዲስ ባስገባ መብራቱ ይቀንስልኛል?» ለእያንዳንዳችሁ በስልክ በጥድፊያ ከምንመልስ ረጋ ብለን ብንጽፈው ይሻላል ብለናል።

የጻፍንበት ሌላም ምክንያት አለ። አምና ታኅሣሥ ላይ ጠባሴ አካባቢ ላለ አንድ ደንበኛችን ባለ 80 ሊትር አዲስ ቦይለር ሸጠን ገጠምንለት። አሮጌው 11 ዓመት ያገለገለ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ካርዱ የሚያልቀው እንደ ድሮው ነው። «ታዲያ ምን ሸጣችሁልኝ?» አለን። ልክ ነበር። «ይቀንሳል» ያልነው እኛ ነን፤ ያውም ምንም ሳንለካ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆረቁረናል።

ቤቱ ሄደን ስናይ አዲሱ ቦይለር ምንም ችግር የለበትም። የኩሽናው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ባለ 5 ሊትር ጄሪካን አስቀመጥን። ከማታው 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞልቶ አደረ። በቀን 10 ሊትር የሞቀ ውሃ ማለት ነው። በወር ሲሰላ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ በከንቱ ይፈስ ነበር። የጎማ ዋሸር ቀየርንለት፤ ለዚያ ገንዘብ አልተቀበልንም።

«አዲስ ቦይለር ወጪ ይቀንሳል» የሚለው ወሬ ውሸት አይደለም። የሌላ አገር እውነት ነው እንጂ። አውሮፓ ውስጥ ቦይለር ሲባል ብዙውን ጊዜ በጋዝ እየነደደ በየክፍሉ ያለውን ራዲያተር የሚያሞቅ ማሽን ነው። እሳት አለው፤ ጭስ ማውጫም አለው። አሮጌው ዓይነት ከጋዙ ሙቀት 70 ወይም 80 በመቶውን ለቤቱ ይሰጥና የቀረውን በጭስ ማውጫው ይለቀዋል። አዲሱ ጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት አቀዝቅዞ ውሃ ያደርገዋል፤ እንፋሎቱ የያዘውንም ሙቀት ይጠቀምበታል። እንዲህ እያለ ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ከ70 ወደ 90 የሄደ ሰው ከጋዙ 22 በመቶ ያተርፋል። ከ80 የተነሳው ግን 11 በመቶ ብቻ ነው የሚያተርፈው። ያም ቢሆን ከራዲያተሩ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች ካልሆነ እንፋሎቱ በደንብ ውሃ አይሆንም፤ ትርፉም ያንሳል። እንግሊዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገጠም የጋዝ ቦይለር እንዲህ ዓይነት እንዲሆን በሕግ አስገድዳለች። በኢንተርኔት የምታዩት ቪዲዮ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው።

የእኛ ቦይለር ጭስ ማውጫ የለውም። በርሜሉ ውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም በመብራት የሚግል ማሞቂያ ብረት አለ፤ ሬዚስታንሱ ውሃው ውስጥ ተነክሯል። የሚበላው መብራት በሙሉ ለማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል። የ11 ዓመቱም ሆነ ትናንት ከካርቶን የወጣው በዚህ አይለያዩም። ሬዚስታንሱ ነጭ ቅርፊት ቢይዝ እንኳ ሙቀቱ ሌላ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቅርፊቱ ሬዚስታንሱን ቶሎ ያቃጥለዋል እንጂ ሂሳቡን ብዙም አይጨምርም። ስለዚህ «ቅርፊት ይዟል፣ ለዚህ ነው የሚበላው» ብሎ አዲስ የሚሸጥላችሁ ካለ አትቀበሉ። አስጠርጉት።

መብራቱን የሚበላው በዋናነት የምትታጠቡበት ውሃ ራሱ ነው። እዚህ ላይ የከተማችን ብርድ ከብዶብናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በታኅሣሥ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደውን ውሃ በቴርሞሜትር ስንለካው 12 ዲግሪ አካባቢ እናገኘዋለን። አንድ ሰው ለሻወር 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ቢያፈስ፣ ውሃውን ከ12 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ውሃው 24 ዲግሪ ሆኖ ቢወርድ፣ ለዚያው ሻወር የሚያስፈልገው 0.75 ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመዳችሁ «የኔ ቦይለር አይበላም» ቢላችሁ ቦይለሩ ስለተሻለ አይደለም፤ ውሃው ስለሞቀለት ነው። አምስት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት የደብረ ብርሃን ቤት በወር ወደ 195 ኪሎዋት ሰዓት ለሻወር ብቻ ያወጣል። ይህን የትኛውም አዲስ ቦይለር አይቀንሰውም። ውሃ ቆጣቢ የሻወር ራስ ግን ይቀንሰዋል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያፈሰውን 6 በሚያፈስ ብትቀይሩ፣ በሻወሩ ሥር የምትቆዩበት ጊዜ ካልረዘመ፣ የሻወሩ ወጪ በ40 በመቶ ይወርዳል። ዋጋው ደግሞ ከቦይለር ጋር አይወዳደርም።

ታዲያ አሮጌ ቦይለር መቼ ነው የሚጎዳው? ሙቀቱን መያዝ ሲያቅተው ነው። በውጩ ቆርቆሮና በውስጡ በርሜል መካከል ፎም አለ። እሱ የቦይለሩ ጋቢ ነው። ጋቢው ከረጠበ ወይም ከተቀደደ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ እየወጣ ያድራል፤ ሬዚስታንሱም ማንም ሳይታጠብ ሲበራ ሲጠፋ ያነጋል። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ደንበኛችን ቤት ያየነው ይህንን ነው። ቦይለሩ ከቤቱ ጀርባ፣ ንፋስ ፊት ለፊት በሚመታው ግድግዳ ላይ ነው ያለው። እትዬ «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ በሳምንት ሦስቴ ነው የምታጠበው፣ ካርዱን ማን ይበላዋል?» ነው የሚሉት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦይለሩ ሲያሞቅ የምትበራው ቀይዋ መብራት እስክትጠፋ ጠብቀን የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍን። የቀረውን ብሬከር ሁሉ አወረድን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ጨምሮ አገኘነው። ሽፋኑን ስንፈታ ፎሙ ውሃ ጠጥቶ እንደ ተነከረ ዳቦ ሆኗል። በእጃችን ስንነካው ፈረሰ። ላይኛው የቧንቧ መጋጠሚያ ለዓመታት እያንጠባጠበበት ኖሯል። ፎሙ ደህና የሆነ ባለ 80 ሊትር በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢያጣ ነው። የእሳቸው ወደ 6 እየተጠጋ ነበር። ለእሳቸው መቀየሩ በወር 130 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያድናል። ያለ ጥርጥር ቀይሩ አልናቸው፤ ለብቻቸው ስለሆኑም ባለ 50 ሊትር፣ ቦታውም ከውጭ ወደ ውስጥ።

ይህን ልኬት እናንተም ቤታችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከመግዛታችሁ በፊት አድርጉት ብለን እንለምናችኋለን። ማታ ሁሉም ከታጠበ በኋላ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ከቦይለሩ ሌላ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁም ለአንድ ሌሊት በዚህ ብርድ ምንም አይሆንም። ሙቅ ውሃ ማንም አይክፈት። ጠዋት ቀይዋ በርታ ካገኛችኋት እስክትጠፋ ጠብቁና እንደገና ጻፉ። ልዩነቱ ከ1 በታች ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ወደ 2 የሚጠጋ ከሆነ ጥሩን፤ ከፍተን እናየዋለን።

ብዙዎቻችሁ «ማጥፋትና ማብራት ነው የሚያስበላው፣ በርቶ ቢውል ይሻላል» ትላላችሁ። እንዲህ አይደለም። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያጣው ሙቀት ያንሳል። ጠፍቶ የቆየ ቦይለር ሲበራ ብዙ የሚበላ ይመስላል እንጂ ድምሩ ያነሰ ነው። 1500 ዋት ሬዚስታንስ ያለው ባለ 80 ሊትር ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ 3 ሰዓት ይፈልጋል። ያንን አስባችሁ አብሩት። መብራት ስለሚጠፋባችሁ ቀድማችሁ የምታሞቁትን ግን እንረዳችኋለን፤ እኛም ቤታችን እንዲሁ ነው የምናደርገው።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የውሃውን ሙቀት የምትወስኑበትን መቆጣጠሪያ፣ 60 ላይ አድርጉት። 75 ላይ ከነበረና የመታጠቢያ ክፍሉ 15 ዲግሪ ከሆነ፣ በፎሙ በኩል የሚወጣው ሙቀት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከ50 በታች ግን አታውርዱት። ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይራባል።

ታሪፉም ደረጃ አለው፤ ፍጆታችሁ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየተስተካከለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለፎምና ለዋሸር የምትሰጡት ትኩረት ከአምና ይልቅ ዘንድሮ ያዋጣል።

ሳንለካ «ቀይሩ» የምንላችሁ ሁለት ነገር ሲሆን ብቻ ነው። አንደኛው ከበርሜሉ ራሱ ውሃ ሲወጣ ነው፤ ቡናማ ውሃ ማየት ስትጀምሩ ዝገቱ ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ቧንቧውን ስትነኩ ነዘረኝ ስትሉ ነው። ያኔ ስለ ሂሳብ አታስቡ። ብሬከሩን አውርዱ፣ ልጆቹን ከመታጠቢያ ቤቱ አርቁ፣ በሌሊትም ቢሆን ደውሉልን። አንዳንዴ የተቃጠለ ሬዚስታንስ ወይም የተቆረጠ የመሬት ሽቦ ይሆናል፤ እሱ ከሆነ ጠግነን እንመልሰዋለን።

ለመግዛት ስትመጡ የማታውንና የጠዋቱን የቆጣሪ ቁጥር ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ከእነዚህ ከሁለቱ ነገሮች በቀር፣ ቁጥሩን ሳናይ አዲስ ቦይለር አንሸጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቦይለር ጥገናና ገጠማ ባልደረቦቻችሁ