«አርፈሽ ተቀመጪ» አትበሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና አምዳችሁ ስለ እርጅና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ጨው፣ ስለ ስኳርና ስለ ሲጋራ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ስለ መውደቅ ግን አንዲት መስመር አጣሁበት።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በአጥንት ሕክምና ክፍል በነርስነት ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ይመጡ ከነበሩት አዛውንቶች አብዛኞቹ ከመሰላል ወይም ከፎቅ የወደቁ አልነበሩም። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ፣ ከአልጋ ሲወርዱ፣ የምንጣፍ ጠርዝ ሲያደናቅፋቸው የወደቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች መካከል ሲሶ ያህሉ በየዓመቱ ይወድቃሉ።

ቤተሰብ ሁልጊዜ «ድንገት ወደቀች» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ድንገት አይደለም። ነገሩ ከወራት በፊት ይጀምራል፤ ማየት ለሚፈልግ ሰው ምልክቱ ወንበር ላይ አለ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከወንበር ሲነሱ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የወንበሩን ክንድ በሁለት እጃቸው ካልተጫኑ መነሳት ያቅታቸዋል? ብድግ ሊሉ ሞክረው ተመልሰው ይቀመጣሉ? ይህ የጭን ጡንቻ መድከሙን ይናገራል። ከተነሱ በኋላ ጠረጴዛውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ጥቂት የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ሲቆሙ የደም ግፊታቸው እየወረደ ሊሆን ይችላል።

ግፊት የሚለካልን አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጠን ነው። ቆመንም ይለካልን ብለን እንጠይቅ። ጋደም ካልንበት ተነስተን በቆምን በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ምናልባት መንስኤው የምንውጠው መድኃኒት ነው። አንዱን የልብ ሐኪም ያዘዘው፣ ሌላውን ለእንቅልፍ የወሰድነው፣ ሦስተኛውን ራሳችን የገዛነው ነው፤ ሦስቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ግን የለም። ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይዞ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ ማሳየት ነው። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ወደ ጡንቻው ልመለስ፤ ሆዴን የሚያሳርረኝ እርሱ ነውና። አንድ ሰው አንዴ ከወደቀ በኋላ ልጆቹ በደግነታቸው ሥራውን ሁሉ ከእጁ ይቀሙታል። «ውኃውን እኔ አመጣለሁ፣ ደረጃውን አትውጪ፣ አርፈሽ ተቀመጪ።» ያልሠራ እግር ደግሞ ይከሳል፤ የከሳ እግር ይፈራል፤ የፈራ ሰው ይበልጥ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ውድቀት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የእኔም ልጅ እንዲሁ ናት፤ ከወንበሬ ስነሳ ከእኔ ቀድማ ብድግ ትላለች። አሁን ውል ገብተናል፤ አጠገቤ መቆም ትችላለች፣ እጄን መያዝ ግን የለም።

«በዚህ ዕድሜ ምን ጡንቻ አለ?» ለሚሉኝ ሁልጊዜ የምነግራቸው ጥናት አለኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ዶክተር ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ነው። ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆኑ፣ በመጦሪያ የሚኖሩ አሥር አቅመ ደካማ አረጋውያን ለስምንት ሳምንታት እግራቸውን በክብደት እንዲያሠሩ ተደረገ። አንዱ ሲያቋርጥ የቀሩት ዘጠኙ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ልምምዱን ሲያቆሙ መልሶ መቀነሱም እዚያው ተጽፏል።

እኔ ክብደት አላነሳም። ክንድ የሌለው ጠንካራ ወንበር ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ አስቀምጣለሁ። እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ እነሳለሁ፤ ከዚያ ዝግ ብዬ እቀመጣለሁ። ዘፍ ማለት ክልክል ነው፤ ጭኔ የሚንቀጠቀጠው ወንበሩን ከመንካቴ በፊት ባለችው በመጨረሻዋ ስንዝር ላይ ነው፤ ሥራው ያለውም እርሷ ላይ ነው። ጥርሴን ስቦርሽ ደግሞ አንድ እጄን መታጠቢያው ላይ አድርጌ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሰውነት ሚዛንንና የጡንቻ ኃይልን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ወንበር እስካለ ድረስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ ተረከዝን ከኋላ የማይዝ ነጠላ ጫማ ይጣል፤ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ቤት የሌሊት መብራት ይኑር፤ የቅርቡንና የሩቁን አንድ ላይ የያዘ መነጽር ያደረገ ሰው ደረጃ ሲወርድ ይጠንቀቅ፣ የታችኛው ክፍል የእርከኑን ጠርዝ ያደበዝዛልና።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ቆሞ ሳለ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ አዛውንት አጥንቱ ተጠግኖ ብቻ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ስብራት የአጥንት መሳሳት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የወር አበባ ካቆመ በኋላ በሴቶች ላይ። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ስለዚህ ከመሸኘታችሁ በፊት «የአጥንት ጥንካሬ ምርመራስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነርሷ ብትቆጣም ጠይቁ፤ እኔም እቆጣ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ደግሞ እባካችሁ ፊደሉን ከፍ አድርጉት። ስለ አረጋውያን የጻፋችሁትን ያነበብኩት በማጉያ መነጽር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ነርስ